ሁለተኛው የአንኮበር ሽቦ

ድሬዳዋ ያሉት ቤተሰቦቼ አንኮበርን የሚያውቁት በታሪክ ትምህርት ነው። እናቴማ ስሙ በተነሣ ቁጥር «ብርድ ሰው የሚበላበት አገር» ትላለች፤ እሷ ራሷ ከሐረር ወዲያ ሄዳ አታውቅም። ከዚያ ጉዞ በኋላ ለዕረፍት ቤት ስገባ የእግሬን ጫማ አይተው ጥያቄ አበዙብኝ። እኔ ደግሞ ሳወራ እጣደፋለሁ፤ መሐሉን ዘልዬ መጨረሻው ላይ እገኛለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሰኞ ጀምሬ እንደ አካሄዱ ልጻፍላቸው ብዬ ተቀመጥኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ አዲስ አበባ የምሠራ ወጣት የስልክ ቴክኒሻን ነበርኩ። የተላክሁበትን ጉዳይ መጀመሪያ ልንገራችሁ። አንኮበር ከደብረ ብርሃን ጋር የሚያገናኘው አንድ የስልክ መስመር ብቻ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር እሱም ይበጠስና ከተማው ከዓለም ይቆረጣል። በዚህ ምክንያት ሁለተኛ መስመር ተዘረጋለት። የመጀመሪያው በደጋው፣ የመኪናውን መንገድ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ይወርድና በቆላው ዞሮ፣ ከደሴው መንገድ መስመር ጋር ተገናኝቶ፣ በጣርማበር በኩል ሽቅብ ደብረ ብርሃን ይገባል። የእኔ ሥራ በሁለቱም ከተሞች አንድ አንድ የማዛወሪያ ሣጥን መግጠም ነው። ሣጥኑ ውስጥ በኤሌክትሪክ ተስቦ የሚቆም ብረት አለ። የመጀመሪያው መስመር ደህና እስከሆነ ብረቱ ከቦታው አይነቃነቅም። መስመሩ ሲበጠስ ግን ይለቀቅና ይወድቃል፣ ሲወድቅም ንግግሩን ወደ ሁለተኛው መስመር ያዛውረዋል። የሰው እጅ አያስፈልገውም።

የምቸኩልበት ምክንያት ነበረኝ። ቅዳሜ ጧት አዲስ አበባ ፈተና ነበረብኝ። ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት የሚላክ አንድ ሰው ሊመረጥ ነው፤ ከተፈታኞቹ አንዱ እኔ ነኝ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩት ዕድል ነበር። ሐሙስ ማታ እመለሳለሁ ብዬ፣ መጻሕፍቴን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቄ ሰኞ ማለዳ ተነሣሁ።

ሰኞ

ሾፌሩ ጋሽ በላቸው ይባላሉ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ላንድሮቨሩን እንደ በቅሎ እያባበሉ የሚነዱ ሰው ናቸው። ዳገት ላይ «ቀስ በይ እናቴ፣ አትናደጂ» ይሏታል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ሸኖ ስንደርስ የውሃዋ ቱቦ ተተረተረና መኪናዋ እንፋሎት ተፋች።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አልኳቸው።

«እስክትበርድ ነው።»

«መቼ ትበርዳለች?»

«ስትበርድ።»

መንገድ ዳር ቅቤ ይዘው የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ መንቆራጠጤን ሲያዩ የተቀመጡበትን ዱካ ለቀው «ና ልጄ፣ ፀሐዩ ላይ አረፍ በል» አሉኝ። ትኩስ የአጃ ሾርባም ከጎረቤት አስመጡልኝ። እኛ አገር ቢሆን እንግዳን ጥላ ሥር አስቀምጠው ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚሰጡት። እዚህ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ትኩስ ነገር ያጠጣሉ። ደግነቱ አንድ ነው፣ ግልብጥ ብሎ ነው የሚመጣው። ጋሽ በላቸው ቱቦውን በአሮጌ የብስክሌት ጎማ ጠምጥመው፣ በሲባጎ አስረው አስነሡ።

ደብረ ብርሃን የደረስነው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ወሩ ኅዳር ነው። ገብሱ በየሜዳው ታጭዶ ተከምሯል፣ በጎች እንደ ደመና መንገዱን ይዘጋሉ። ነፋሱ ግን! ድሬዳዋ የምንጠብቀው፣ ሲመጣም በር ከፍተን የምናስገባው ነፋስ፣ እዚህ ሰዉ በሩን ዘግቶ፣ ስንጥቁን በጨርቅ ወትፎ የሚሸሸው ጠላት ነው። ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት ስስ ጃኬቴን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው አዩና «ይኼን ለብሰህ ነው አንኮበር የምትወጣው? እናት የለህም እንዴ?» አሉኝ። መልስ ሳይጠብቁ ከጓዳ ከበግ ጸጉር የተሠራ ከባድ ባና አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። በማግስቱ ጧት ፊቴን ልታጠብ ብል የሳህኑ ውሃ በስሱ በረዶ ሠርቶ አገኘሁት። በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ መስታወት ተሰነጠቀ። ይኼን ለእናቴ ስነግራት አላመነችኝም።

ማክሰኞ

የደብረ ብርሃኑን ሣጥን ከምሳ በፊት ገጠምኩ። ሥራው ያለ እንከን ስላለቀ ልቤ ሞላ፤ በዚህ አያያዝ ረቡዕ ማታ ብመለስስ እያልኩ ማስላት ጀመርኩ። ባለሆቴሏ ባናውን ስመልስላቸው «ስትመለስ ትመልሰዋለህ» ብለው ወደ መኪናው አስወጡኝ።

ከከተማ ስንወጣ ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠብመንጃ ያነገተ ጠባቂ ሁለተኛውን ሣጥን አስወረደና በዙሪያው ዞረ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የስልክ ዕቃ ነው» አልኩ።

«ሬዲዮ አይደለም?»

«አይደለም። አንዱ መንገድ ሲዘጋበት በራሱ በሌላው መንገድ የሚሄድ ነገር ነው።»

የሰውዬው ዓይን ጠበበ። «በሌላ መንገድ? ኬላ ሳይነካ?»

ከዚያ በኋላ ያልኩት ሁሉ ነገሩን አባሰው። ወረቀታችን ታየ፣ እንደገና ታየ፣ አለቃው ተጠራ፣ አለቃው ምሳ ላይ ነው ተባለ። እኔ ወዲያ ወዲህ ስል ጋሽ በላቸው መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። በመጨረሻ ተነሥተው ጠባቂውን «ወንድሜ፣ አገርህ የት ነው?» አሉት። «መዘዞ» አላቸው። «አንኮበር ያለ ዘመድህ ታሞ መዘዞ ቢያስደውል ስልኩ እንዳይበጠስ ነው የምንለፋው። ሬዲዮ አይደለም፣ ለእናንተው ነው።» ሰውዬው ሣጥኑን ራሱ አንሥቶ መኪናው ላይ ጫነው።

የአንኮበር መንገድ ሜዳ ሜዳውን ሲሄድ ይቆይና ድንገት ምድር ያልቃል። ከፊታችሁ ገደል፣ ከገደሉ በታች ደመና፣ ከደመናው በታች ቆላው። ይኼን የምጽፈው ሌላ ቀን ካየሁት ነው፤ ያን ዕለት ያየሁት ጉም ብቻ ነበር። ጉሙ ከታች እየተንፏቀቀ ወጥቶ ከነላንድሮቨሩ ዋጠን። ጋሽ በላቸው ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው የመንገዱን ጠርዝ እያዩ ከተማ አገቡን።

የስልኩን ቤት የሚይዙት ስልከኛ እትዬ አስካለ ናቸው። ረጅም፣ ቆጣ ያሉ፣ ድምፃቸው ግን በሬዲዮ ዜና እንደሚያነቡ ሰዎች የጠራ። ገመድ እየነቀሉና እየሰኩ ሰዉን የሚያገናኙበት ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ሣጥኑን ስገጥም በዓይናቸው ተከተሉኝ።

«ማነው የሚነካው?»

«ማንም አይነካውም እትዬ። ራሱ ያውቃል።»

«ራሱ የሚያውቅ ነገር እኔ አልወድም» አሉ። ቢሆንም ማታ በቅቤ የራሰ የገብስ ገንፎ ላኩልን። የመስመር ሠራተኛው ደምሴ፣ የእኔ እኩያ የሆነ ሳቂታ ሰው፣ አልጋውን ለጋሽ በላቸው ለቀቀ፤ እሱና እኔ ባናውን ተጋርተን መሬት ላይ ተኛን።

ረቡዕ

ሥራው አልቋል ብዬ የመረከቢያውን ወረቀት ልፈርም ስል፣ ሁለተኛው መስመር አልዩ አምባ ድረስ በእግር መታየት እንዳለበት ደምሴ አስታወሰኝ። ደንብ ነው። ደርሰን እንመለሳለን ብዬ ጉሙ ሳይገፈፍ ተነሣን።

መንገዱ ቁልቁለት ነው። የማየው የደምሴን ጀርባና የእግሬን ሥር ድንጋይ ብቻ። እየተጣደፍኩ ስወርድ አንድ እርጥብ ድንጋይ አንሸራተተኝና በመቀመጫዬ ሄድኩ። ስነሣ የቀኝ ጫማዬ ሶል አፉን ከፍቷል። ደምሴ በሽቦ ቁራጭ አሰረልኝ። ትንሽ ሄደን ግራውም ተከተለው። «ጫማህ ተስማምቶ ነው የሚሠራው» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን የመሳቅ ፋታ አልነበረኝም።

ወረድ ባልን ቁጥር ብርዱ እየለቀቀ ሄደ። ባናዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ጃኬቴን። አልዩ አምባ ስንገባ ማሽላ ቆሞ፣ ግመል ተንበርክኮ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሰዎች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ስመለከት ልቤ ዝም ብሎ አገሬ የገባሁ መሰለው። የማውቀው ሙቀት፣ የማውቀው የአቧራ ሽታ። ከጉዞው ሁሉ ያልተቻኮልኩበት ሰዓት ቢኖር ያ ነው።

ያረፍነው ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ ቤት ነው። ጨውና ጨርቅ ይሸጣሉ፤ አዲሱ የአልዩ አምባ ስልክም የተቀመጠው እሳቸው ሱቅ ውስጥ ነው። ስልኩን ሞከርኩት፣ እትዬ አስካለ ጥርት ብለው መለሱ። ወዲያው እንመለስ ብዬ ስነሣ ጋሽ ሰይድ እግሬን አዩ።

«በዚህ ጫማ? ወላሂ አትወጣም። እደር። ጧት ኢንሻ አላህ ጉሙ ይገፈፋል።»

ባለቤታቸው ሞቅ ባለ ውሃ እግሬን አስታጠቡኝ፤ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶም አምጥተው ሰጡኝ። ለእራት የማሽላ እንጀራ በወተት ቀረበ። ቢስሚላህ ተባለና እየበላን ሳለ፣ «ይኼን መስመር የለመነው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ለወሬ ያህል ነበር።

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ከትሪው መለሱ። «እኛ ነን። አቻምና ክረምት የአንኮበር መግቢያ ላይ፣ ያቺ ጠባቧ ማለፊያ ዘንድ፣ መሬቱ ተናደ። መንገዱንም የስልኩን እንጨትም ይዞት ወረደ። ከደብረ ብርሃን ሰው የጫነ መኪና ሊነሣ ነው። አንኮበር ያሉት ያውቃሉ፣ መንገር ግን አልቻሉም፤ ስልኩ የለም። ፈረሰኛ ላኩ። ፈረሰኛው ጉም ውስጥ ከመኪናው ጋር ተላለፈ፤ መኪናው ገደል ገባ።» ትሪውን ወደ እኛ ገፋ አደረጉ። «ታናሽ ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነበረ። አላህ ይዘንለት። ከዚያ በኋላ ሰዉ ተሰብስቦ ለመንን። የእስላሙም የክርስቲያኑም ሰው እንጨት ተሸክሟል፣ ጉድጓድ ቆፍሯል። አሁንማ ሁለት ሆነልን፣ አልሐምዱሊላህ።»

«አይዞዎት፣ አሁን አይቋረጥም» አልኳቸው።

ሐሙስ

ጧት ሰማዩ ታጥቦ ነበር። በበረባሶዬ ቀልጠፍ ብዬ ሽቅብ ወጣሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጉዞ፣ ማታ አዲስ አበባ፣ ነገ ጥናት። አንኮበር መግቢያ ጠባቧ ማለፊያ ላይ ስደርስ ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ቆምኩና ቀና አልኩ።

ከስልክ ቤቱ የሚመጣው እንጨት መንገዱን ተከትሎ እስከ ማለፊያዋ ይደርሳል። በእንጨቱ ላይ አራት ሽቦ አለ፤ ሁለቱ የመጀመሪያው መስመር ናቸው፣ ሁለቱ የሁለተኛው። ማለፊያዋን ካለፉ በኋላ ነው አንዱ ወደ ደጋ፣ አንዱ ወደ ቆላ የሚለያየው። እንጨቶቹ የቆሙት ደግሞ ያ የተናደው መሬት እንደገና ተሞልቶ በተደለደለበት አፈር ላይ ነው። አፈሩ ዳር ዳሩን ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ጣቴን ከተትኩ፣ እስከ አንጓዬ ገባ።

«ደምሴ፣ እዚህ ጋ ማነው የተከለው?»

«ከሌላ ቦታ የመጡ ሠራተኞች ናቸው፣ ባለፈው በጋ። እንጨት ስላነሰ ያለውን ተጠቀሙበት። ምን ሆነ?»

«ይኼ መሬት ቢሄድ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።»

ደምሴ ሽቦዎቹን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ሳቁ ጠፋ። «ሰዉ ሁለት ሆነልን ብሏል እኮ» አለ።

ስልክ ቤት ገብቼ እትዬ አስካለን አዲስ አበባ አለቃዬን እንዲያገናኙኝ ለመንኳቸው። አለቃዬ ሲናገር እንደ ሁልጊዜው በችኮላ ነው።

«ጓድ፣ መስመሮቹ መውጫው ላይ አንድ እንጨት ነው የሚጋሩት። አፈሩም የላላ ነው። መቀየር አለበት» አልኩት።

«ኋላ ይታያል። ሣጥኑ ይሠራል?»

«ሣጥኑማ ይሠራል። ግን...»

«እንግዲያ ፈርምና ና።»

«ጥቂት ቀን ብቆይ እዚሁ ሰው አስተባብሬ አስለውጠዋለሁ። ፈተናውን ግን ለሳምንት ቢያዘገዩልኝ...»

«ፈተና ለአንድ ሰው አይዘገይም። ወይ ትመጣለህ ወይ ትቀራለህ፤ እኔ አላስገድድህም።»

እትዬ አስካለ ገመዱን ነቀሉ። ስልከኛ ሁሉን ይሰማል፤ እንዳልሰማ ሆኖ መቀመጥም ሥራው ነው። በዚያ ቀን ግን ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«የምን ፈተና ነው?»

ነገርኳቸው።

«ሂድ» አሉ። «እኛ በአንድ ሽቦም ኖረናል። ልጅነት አንድ ጊዜ ነው።»

ወጣሁ። ጋሽ በላቸው ሞተሩን አስነሥተው ይጠብቁኛል። ሻንጣዬ ተጭኗል። በመኪናው ዙሪያ ዞርኩ፣ ደግሞ ዞርኩ። ወረቀቱን አውጥቼ ኮፈኑ ላይ ዘረጋሁት፣ እስክሪብቶዬን ከፈትኩ። ብፈርም ማንም አይወቅሰኝም፤ ሣጥኑ ይሠራል። ግን ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ከትሪው የመለሱበት ሁኔታ ከዓይኔ አልሄድ አለ፤ እኔ በአፌ «አይቋረጥም» ብያቸዋለሁ። እስክሪብቶውን ከደንኩት።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ያጥፉት።»

ጋሽ በላቸው አጠፉ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። የያዝኩትን ፒንሳ መሬት ላይ ወረወርኩትና መልሼ ሄጄ አነሣሁት።

ዓርብ

አዲሱ መንገድ ግልጽ ነበር። ሁለተኛው መስመር ከማለፊያዋ ጋር ጭራሽ ሳይገናኝ፣ ከስልክ ቤቱ ጀርባ በቀጥታ ቁልቁል መውረድ አለበት። ችግሩ ጀርባው የእትዬ አስካለ ጓሮ መሆኑ ነው፤ እንጨቱ የሚያርፈው ደግሞ ጌሾአቸው ላይ። ጌሾው የረጅም ጊዜ ነው፣ ለጠላቸው የሚታወቁ ሴት ናቸው።

«እንዳትነካው» አሉ በመጀመሪያ። ቀጥሎ ራሳቸው ማጭድ ይዘው ወጡ። «ሌላ ሰው ቢቆርጠው ያመኛል፤ እኔው ልቁረጠው።»

እንጨት ከየት እናምጣ ስንል፣ ወሬው የደረሳቸው ጋሽ ሰይድ ከታች ደወሉ። ሱቃቸውን ለማስፋት ያስደረቁት ባሕር ዛፍ አለ። «ውሰዱት። ሱቁ ይደርሳል» አሉ። የአንኮበር ገበሬዎች ማጨዳቸውን ትተው ቀኑን ሙሉ ቆፈሩ። ገብስ ሜዳ ላይ ጥሎ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ፣ አንድ ሽማግሌ በየመሐሉ ቀና እያሉ ደመናውን ሲያዩ ነው። እኔም እንደሳቸው ደጋግሜ ቀና እላለሁ፤ እኔ ግን የማየው ፀሐይዋን ነው፣ የማሰላው ቀኑን። አሁን ብነሣ እደርሳለሁ። አሁንም ብነሣ ነገ ጧት እደርሳለሁ። እንዲህ እያልኩ መሸ።

ቅዳሜ

ጧት ገበሬዎቹ አልመጡም። ቀዳሚት ሰንበት ነው፣ መሬት አይነካም። እንዴት እንዳልታሰበኝ! ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ እንጨቱ ገና ከታች ነው፣ ሰው የለም። ጓሮው ውስጥ ስንቆራጠጥ ከቁልቁለቱ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ በትከሻቸው ባሕር ዛፍ የተሸከሙ ሰዎች አስከትለዋል።

«የኛ ትላንት ነበር፣ ጁምዓችንን ሰግደናል። የእነሱ ዛሬ ነው፣ ይረፉ። እኛ እንተክላለን» አሉ።

ምሰሶው ላይ ወጥቼ ሽቦ ስወጥር ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ የፈተናው ወረቀት እየታደለ እንደሆነ አወቅሁ። ለጥቂት ጊዜ እጄ መሥራት አቆመ። ደምሴ ከታች «ምነው?» ሲለኝ «ብርድ ነው» አልኩት። ጀርመን የሄደው አንድ ባልደረባዬ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይገባዋል። እኔን ግን ዛሬም ሳስበው ይቆረቁረኛል፤ አይቆረቁረኝም ብል ውሸት ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ሞከርነው። እትዬ አስካለ ከደብረ ብርሃኗ ስልከኛ ጋር ወሬ እንዲጀምሩ አደረግሁና፣ ደምሴ ማለፊያዋ ላይ የመጀመሪያውን መስመር እንዲቆርጥ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ሣጥኑ ውስጥ ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ። እትዬ አስካለ ስለ በርበሬ ዋጋ የጀመሩትን ሳያቋርጡ ቀጠሉ።

«መቼ ነው የምትቆርጡት?» አሉኝ የስልኩን አፍ በእጃቸው ሸፍነው።

«ተቆርጧል እኮ።»

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ደስ አለኝ፣ ግን ደስታው ብዙም አልቆየ። ጭብጨባው ሳያልቅ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። እትዬ አስካለ አላወቁም። ማንም አያውቅም። የመጀመሪያው መስመር ዛሬ ቢበጠስ ሁሉም በሁለተኛው እያወራ ደህና ነን ብሎ ይቀመጣል። የሚጠግነው አይኖርም። አንድ ቀን ሁለተኛው ሲበጠስ ያን ጊዜ እንደ ድሮው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

«እትዬ፣ የተበላሸ ስልክ አለዎት?»

ከመደርደሪያ ሥር አቧራ የለበሰ አሮጌ ስልክ አወጡ። ደወሉን ፈትቼ ከሣጥኑ ጋር አገናኘሁት፤ ብረቱ ሲወድቅ ደወሉ ይጮኻል፣ የመጀመሪያው መስመር እስኪጠገን አያቆምም።

«አሁን ጥሩ» አሉ እትዬ አስካለ። «የታመመ ሰው ማቃሰት አለበት።»

ደምሴ የቆረጠውን ሽቦ መልሶ ሲቀጥል ደወሉ ዝም አለ፤ ወረቀቱን በዚያን ጊዜ ፈረምኩ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ ሊሸኘን ተሰበሰበ። እትዬ አስካለ በሶ ቋጥረውልኛል። ባናዬን ለብሼ፣ በረባሶዬን ተጫምቼ መኪናው ውስጥ ልገባ ስል ደወሉ ጮኸ።

ሁሉም ባለበት ቆመ። አንድ ሴትዮ በስመ አብ አሉ። እኔ ሮጬ ገባሁ። እትዬ አስካለ ሰሌዳው ፊት ተቀምጠው አንድ ገበሬ ደብረ ብርሃን ካለው ልጁ ጋር ያገናኛሉ፤ ደወሉ ከራሳቸው በላይ ይንጫጫል፣ ገበሬው እየጮኸ ያወራል፣ ንግግሩ አልተቋረጠም። ቀና ብለው አዩኝና በአገጫቸው ወደ ውጭ አመለከቱኝ፤ ሂድ፣ ፈልገው ማለታቸው ነው።

ደምሴን ከነመሰላሉ ጭነን ተነሣን። ጉሙ ዛሬም ነበር፣ እኔ መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ እንጨቶቹን እቆጥራለሁ። ማለፊያዋን አልፈን ደጋው ላይ ስንወጣ አገኘነው፤ ነፋሱ አንዱን እንጨት አጋድሞት ሽቦው ተበጥሶ ሣር ላይ ተጠምጥሟል። አጠገቡ አንድ በሬ ምንም እንዳልተፈጠረ ይግጣል።

«ይኼ የደምሴ ሥራ ነው፣ እኛ ዘግይተናል» አሉ ጋሽ በላቸው።

«ወዴት ነው የምንዘገየው ጋሼ?»

ትንሽ አሰቡና ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። እንጨቱን ሦስት ሆነን አቆምነው፣ ጋሽ በላቸው ድንጋይ እያመጡ ሥሩን አጠበቁ። ደምሴ ከታች ሽቦውን ሲያቀብለኝ እኔ ላይ ሆኜ ቀጠልኩት። ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር ቋጠሮው ደጋግሞ አመለጠኝ። እንደ ጨረስኩ መሞከሪያ ስልኬን ሽቦው ላይ ሰክቼ አንኮበርን ደወልኩ።

«እትዬ፣ ዮናስ ነኝ። የመጀመሪያው መስመር ተመልሷል።»

«አውቄያለሁ፣ ደወሉ ዝም ብሏል። አንተ፣ ሌላ ሰው በመስመሩ ላይ እየጠበቀ ነው፤ ልቀቅልኝ» አሉና ዘጉብኝ።

ከመሰላሉ ስወርድ ጋሽ በላቸው እጃቸውን እያፍተለተሉ «ምን አለች?» አሉኝ።

«ሥራ ላይ ነኝ አሉ።»

ጋሽ በላቸው በሶውን ፈቱ፤ ሦስታችንም ለነፋሱ ጀርባ ሰጥተን፣ ከመኪናው ጥግ ቆመን በላን።